የቀሩትን ስም የሚጠራ ማዕድ

በኬንያዪቱ ሞያሌ ለመምህራን የቀረበ ንግግር



ረጅምና አስጨናቂ መንገድ ዐብረው የሄዱ ሰዎች ከዓመታት በኋላ እንደ ገና በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጡ የሚፈጽሙት አንድ ቁም ነገር አለ። መብሉና መጠጡ፣ ሣቁና ጨዋታው ለዐይን የሚታየው ክፍል ነው፤ የውስጡ ሥራ ግን ቈጠራ ነው። ማን ሄደ? ማን ተመለሰ? ማን በመንገድ ቀረ? የቀረውስ ስለ ምን ቀረ? ይህ ሁሉ በዚያች ምሽት ይታሰባል። የዚህ ንግግር ጕዳይ ወደ ምድር ዋልታዎች፣ ይኸውም ወደ ሰሜኑና ወደ ደቡቡ የበረዶ ዓለም ተጕዘው የተመለሱ ሰዎች በየጊዜው የሚያደርጉት የመገናኛ ራት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ነገር የግመል መንገድና የግራር ጥላ በሚታወቅበት በሞያሌ ሲነሣ ለጊዜው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የደቡቡን ዋልታ ምድር፣ አንታርክቲካን፣ ከዳር እስከ ዳር በየብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠው ጓድ መሪ ሰር ቪቪያን ፉክስ፣ ቀደም ሲል ሁለት የሥራ ባልንጀሮቹን ያጣው ከሞያሌ ወደ ምዕራብ በቀጥታ ቢለካ ወደ 300 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በቱርካና ሐይቅ ላይ ነው። የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻና ሞያሌ ዛሬ የሚተዳደሩት በአንድ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ነው። እንግዲህ በዋልታ ተጓዦች ማዕድ ላይ ባዶ የቀሩ ወንበሮች ቢቈጠሩ፣ ከእነርሱ ሁለቱ የዚህ አገር ታሪክ ክፍል መሆናቸው አይካድም።

በለንደን ከተማ በ1929 የአንታርክቲክ ክበብ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ በደቡቡ ዋልታ ምድር የሠሩና የከረሙ ሰዎች ነበሩ፤ በየዓመቱም በአንድ ራት ላይ ይገናኙ ነበር። በኒው ዮርክም በ1904 የተመሠረተው የአሳሾች ክበብ ዓመታዊ ግብዣውን እስከ ዛሬ ያደርጋል። በብሪታንያ የአንታርክቲክ ጥናት ድርጅት ውስጥ ያገለገሉ ሰዎችም እንዲሁ የመገናኛ ክበብ አላቸው። እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ሹመት ወይም ሀብት አይደለም። ፀሓይ ለወራት በማትወጣበት የክረምት ጨለማ፣ በአንዲት የእንጨት ቤት ውስጥ፣ ነፋሱ ግድግዳውን ሲደበድብ እየሰሙ ዐብረው የከረሙ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጠባይ ከእናት ልጅ ይልቅ ያውቃሉ። ማን በረኀብ ጊዜ ድርሻውን ለታመመ እንዳካፈለ፣ ማንስ በብርድ ጊዜ እንዳጕረመረመ፣ በጋዜጣ ያልወጣው ሁሉ በዚያ ማዕድ ላይ ይታወቃል።

በጉዞው ጊዜ የሚበሉት ዋና ምግብ ፔሚካን ይባላል። ይህም ደርቆ የተፈጨ ሥጋ ከቀለጠ ስብ ጋር ተደባልቆ የሚዘጋጅ ስንቅ ሲሆን፣ መንገደኛው በረዶ አቅልጦ በፈላ ውኃ በጥብጦ ይጠጣዋል። የሞያሌ አገር ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። የቦረናና የሶማሌ እናቶች ሥጋውን በጥቃቅኑ ከትፈው፣ አድርቀውና ጠብሰው በስብ ውስጥ የሚያኖሩት፣ ለወራት ሳይበላሽ የሚቈየው የመንገድ ስንቅ የተመሠረተው በዚያው ጥበብ ላይ ነው። ስቡ አየርን ይከለክላል፤ ውኃው የወጣለት ሥጋ አይሸትም፤ ጥቂቱም ለብዙ ኀይል ይበቃል። በረዶውና በረሓው እንደ ሰማይና እንደ ምድር የተራራቁ ቢመስሉም የመንገደኛው ችግር አንድ ስለ ሆነ መፍትሔውም ተመሳሰለ። ይህም ለሳይንስና ለጂኦግራፊ መምህር የተዘጋጀ ትምህርት ነው፤ ምሳሌውን ከተማሪዎቹ ጓዳ ያገኘዋል።

በእንግሊዞች የግብዣ ልማድ ከራት በኋላ ጽዋ ተነሥቶ በዚያ ስለሌሉ ወዳጆች ይጠጣል። በዋልታ ተጓዦች ዘንድ ይህ ጽዋ ከሁሉ የከበደ ነው። የኢትዮጵያ ሰው ሥርዐቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ማኅበርተኞች በወር አንድ ቀን በተራ ባለው ሰው ቤት ሲሰበሰቡ ሙሴው የመጣውንና የቀረውን ያውቃል፤ የታመመ ቢኖር ይጠየቃል፤ የሞተ ቢኖር ይታሰባል። በእድርም ዘንድ ስም ይጠራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶች ቃል እውነት ነው፤ ሆኖም ስሙ ከመቃብር በላይ የሚውለው የሚጠራው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የሚጠራ ካልተገኘ ስሙም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ቪቪያን ፉክስ በ1908 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድርን ዕውቀት ተማረ። መምህሩ ጀምስ ዎርዲ፣ በ1914 ከሻክልተን ጋር ኤንዱራንስ በተባለችው መርከብ ወደ ደቡብ ከተጓዙትና መርከቢቱ በበረዶ ተጨፍልቃ ከሰጠመች በኋላ በሕይወት ከተረፉት 28 ሰዎች አንዱ ነበር። ዎርዲ ተማሪውን በ1929 ወደ ግሪንላንድ ይዞት ሄደ። የፉክስ የበረዶ ትምህርት የተጀመረው እንግዲህ መምህሩ ያየውን ተማሪው ደግሞ እንዲያይ በመፈለጉ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወጣቱ ሊቅ ዐሥር ዓመት ያህል ብዙውን ድካሙን ያፈሰሰው በምሥራቅ አፍሪቃ ሐይቆችና በስምጥ ሸለቆው ላይ ነበር።

በ1934 የራሱን ጓድ እየመራ ወደ ቱርካና ሐይቅ መጣ። ሐይቁ በዚያን ጊዜ ሩዶልፍ ይባል ነበር፤ ይህንንም ስም የሰጡት በ1888 የደረሱት ቴሌኪና ፎን ሄነል የተባሉ መንገደኞች ናቸው፤ ቱርካና የሚለው ስም የጸናው በ1975 ነው። ርዝመቱ ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከሚገባበትም ውኃ ከዐሥሩ እጅ ዘጠኙን ያህል የሚያመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ነው። በደቡቡ ክፍል እሳተ ገሞራ የፈጠራት አንዲት ደረቅ ደሴት አለች። ከጓዱ አባላት ሁለቱ፣ ማርቲን የተባለው ቀያሽና ዳይሰን የተባለው ሐኪም፣ በሐምሌ ወር በትንሽ ጀልባ ወደዚያች ደሴት ተሻግረው ሥራቸውን ያዙ።

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ አልተመለሱም። በተቀጠረው ቀን ባለመምጣታቸው ፍለጋ ተጀመረ፤ አውሮፕላን ጭምር ተልኮ ተፈለጉ። ከውኃው ዳር ከተገኙ ጥቂት ዕቃዎች በቀር ምልክት አልተገኘም፤ ሬሳቸውም እስከ ዛሬ አልታየም። በዚያ ሐይቅ ላይ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ በድንገት የሚበረታ፣ ጸጥ ብሎ የነበረውንም ውኃ በጥቂት ጊዜ ወደ ማዕበል የሚለውጥ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደ ተባለው፣ ጧት እንደ መስተዋት የሚያበራ ውኃ ማታ የብዙዎችን ሕይወት ይወስዳል። በዳርቻው የሚኖሩት የኤል ሞሎ ዓሣ አጥማጆች ይህን ጠባዩን ከአያት ከቅድመ አያት ያውቁታል። ያ ነፋስ ዛሬ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል፤ በሎይያንጋላኒ አካባቢ በ2019 የተመረቁት 365 የነፋስ መዘውሮች እስከ 310 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኀይል የማመንጨት ዐቅም አላቸው። ሁለቱን ሰዎች ወስዷል ተብሎ የሚገመተው ኀይል ዛሬ የኬንያን ቤቶች ያበራል።

ፉክስ በ1949 በአንታርክቲካ ስቶኒንግተን በተባለች ደሴት የጣቢያ አለቃ ሳለ መርከብ በበረዶ ምክንያት ሊደርስላቸው ስላልቻለ እርሱና ባልደረቦቹ አንድ ተጨማሪ ክረምት በዚያው ለማሳለፍ ተገደዱ። አህጉሪቱን ከዳር እስከ ዳር የማቋረጥ ሐሳብ የተጠነሰሰው በዚያ በስቶኒንግተን ዘመን ነው። ሥራው ሲጀመር በ1956 ስምንት ሰዎች ቀድመው ተልከው፣ ማዕበል ብዙውን ስንቃቸውን ወስዶባቸው፣ ለተሽከርካሪ ማጓጓዣ በተሠራ ሣጥን ውስጥ እየኖሩ ክረምቱን አሳለፉ። ዋናው ጕዞ ኅዳር 24 ቀን 1957 ተነሣ፤ ጥር 19 ቀን 1958 ደቡብ ዋልታ ደረሰ፤ መጋቢት 2 ቀን በማዶ ባለው ጠረፍ ላይ ተፈጸመ። የጕዞው ርዝመት 3,473 ኪሎ ሜትር፣ የፈጀውም ጊዜ 99 ቀን ነበር።

በዚህ ጕዞ የኤቨረስትን ተራራ ከቴንዚንግ ኖርጌይ ጋር የወጣው ኤድመንድ ሂላሪ ከማዶ በኩል ስንቅና ነዳጅ በየቦታው እያስቀመጠ መጥቶ ከፉክስ አስቀድሞ ጥር 4 ቀን ዋልታው ደርሷል። ወቅቱ እየመሸ ስለ ነበረ ሂላሪ ጕዞው በዋልታው ተቋርጦ በሚቀጥለው ዓመት እንዲፈጸም ሐሳብ አቀረበ፤ ፉክስ ግን አልተቀበለውም። ሆኖም እንቢታው ችኮላ አልነበረበትም። በረዶ የሸፈነው ገደል ባለበት ስፍራ ሰዎች በእግር ቀድመው መሬቱን በዘንግ እየወጉ፣ ተሽከርካሪዎቹ በስተኋላ እየተከተሉ ዐለፉ። በመንገዱም ላይ ፈንጂ እያፈነዱ፣ የድምፁን መመለስ እየለኩ፣ የበረዶውን ጥልቀት መረመሩ። የተነሡት 12 ሰዎች 12 ሆነው ደረሱ። በ1934 ሁለት ሰው የጐደለበት መሪ በ1958 ቈጠራው ሞልቶ ተገኘ። ይህ የሁለተኛው ቈጠራ የፊተኛውን ጕድለት አይሰርዘውም፤ ሁለቱም በአንድ መዝገብ ላይ ጐን ለጐን ሊነበቡ ይገባል።

ከዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ማዕዱ የቀሩትን የሚጠራ ከሆነ፣ ሁሉን ይጠራልን? ታሪክ ሲመረመር መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ማቲው ሄንሰን የሚባል አሜሪካዊ ጥቁር ሰው ከሮበርት ፒሪ ጋር ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ የሰሜን ጕዞ አድርጓል። የበረዶ ተንሸራታቹን ይሠራና ውሾቹን ይነዳ፣ የኢኑዊትንም ቋንቋ ይናገር ነበር። በሚያዝያ 1909 ፒሪ ሰሜን ዋልታ ደረስሁ ባለበት ቀን ዐብረውት የነበሩት ሄንሰንና ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉ፣ ኡኬያ የተባሉ አራት ኢኑዊቶች ነበሩ። በትክክል ዋልታው ላይ መድረሳቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዐብረው መሄዳቸው ግን አያከራክርም። ፒሪ ሲመለስ የማዕረግና የግብዣ ሰው ሆነ። ሄንሰን ለብዙ ዓመት በኒው ዮርክ የጕምሩክ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ኖረ። የአሳሾች ክበብ በአባልነት የተቀበለው በ1937፣ ዕድሜው ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በ1955 ሞተ፤ ዐፅሙም በ1988 ከፒሪ መቃብር አጠገብ በአርሊንግተን በክብር ዐረፈ። በቁሙ ያልተሰጠው ወንበር በመቃብሩ ተሰጠው።

የኤንዱራንስ መርከብ አናጢ የሆነው ሃሪ ማክኒሽም እንዲሁ ነው። ሻክልተን ከአምስት ሰዎች ጋር በ1916 ያን አስፈሪ ባሕር ተሻግሮ ርዳታ ያመጣባት ጀምስ ኬርድ የተባለች ጀልባ ለዚያ ማዕበል የበቃችው ይህ ሰው ጐኗን ከፍ አድርጎ፣ ከላይ ሸፍኖ ስለ ሠራት ነው። በበረዶ ላይ ሳሉ ከአለቃው ጋር ተከራክሮ ስለ ነበረ ግን ለባልደረቦቹ የተሰጠው የዋልታ ኒሻን ለእርሱ ተከለከለ። አንድ ጊዜ የተናገረው ቃል እጁ ከሠራው ሥራ በልጦ ተመዘነበት። መምህር ይህን ሲሰማ ስለ ተማሪ ጠባይ የሚጽፈውን አስተያየት ሁለት ጊዜ ቢያስብበት ይበጃል።

የቱርካና ሐይቅም መንገድ ከዚህ የተለየ አይደለም። የቴሌኪን ጓዝ ተሸክመው በ1888 ወደ ሐይቁ የደረሱት በመቶ የሚቈጠሩ አፍሪቃውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም በመንገድ አልቀዋል። በካርታ ላይ የሠፈረው ግን የሁለቱ መሪዎችና የአንድ የአውሮፓ አልጋ ወራሽ ስም ነው። የሞያሌም ድንበር ራሱ በ1907 በኢትዮጵያና በብሪታንያ መካከል በተደረገው ውል ከተወሰነ በኋላ ቀያሾች መጥተው ሲለኩት፣ ውኃ ያለበትን ያሳየ፣ ግመሉን የጫነ፣ ካስማውን የተከለ ሰው ነበረ። እርሱንም በስሙ የሚጠራ ማዕድ አልተዘረጋለትም።

ኢትዮጵያም የራሷ የብርድ አገር ተመላሾች አሏት። በ1951 ከአዲስ አበባ የተነሣው የቃኘው ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር በኮርያ ተራሮች ላይ ተዋጋ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ምሽግ ይዘው ካደሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በረዶ ያዩት ያን ጊዜ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በየተራው ከዘመቱት ከ6,000 የሚበልጡ ሰዎች ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይም ቈስለዋል። በ1968 በኮርያ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው። ከ1974 በኋላ ግን ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮርያ ጋር ስለ ተወዳጀች እነዚህ ዘማቾች በገዛ አገራቸው ታሪካቸውን በግልጽ ለማውራት የማይችሉበት ዘመን መጣ። ኒሻኑ በሣጥን ተቀመጠ፤ የተመላሾች ማዕድም ተቋረጠ። ከ1991 በኋላ ማኅበራቸው እንደ ገና ቆሞ በአዲስ አበባም መታሰቢያ ተሠርቶላቸው ሲገናኙ፣ በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ብዙዎቹን ወስደዋቸው ነበር። ማዕድ ሲከለከል የሚጠፋው ራት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል፤ የሚጠፋው ምስክር ነው።

ክቡራን መምህራን፤ ከእነዚህ ተጓዦች ማዕድ ወደ መምህር ጠረጴዛ ያለው መንገድ አጭር ነው። ሥራውን በየማለዳው በስም ጥሪ የሚጀምር ሰው መምህር ነው። ብዙ ጊዜ ይህ እንደ ተራ ልማድ ይቈጠራል፤ አለሁ ያለው ምልክት ይደረግለታል፤ ዝም ያለው ባዶ ይተዋል። ነገር ግን ያች ባዶ ቦታ ጥያቄ ናት። በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያዪቱ ሞያሌ በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጥይት ሲተኰስ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኬንያዪቱ ሞያሌ ሸሽቷል። ሕዝብ በአንድ ሌሊት ሲሸሽ የተማሪው ወንበር ባዶ ይቀራል፤ በማዶም ስሙ በመዝገብ ያልሠፈረ ሕፃን ይገኛል። ከዚህም በፊት ከዚያም በኋላ ድርቅና ግጭት ተማሪዎችን በትነዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በመዝገብ ላይ ቀሪ ብሎ ማለፍና፣ ልጁ የት ነው ብሎ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ በማዶ ያለውን ባልደረባ መጠየቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፊተኛው ጽሕፈት ነው፤ ኋለኛው መምህርነት ነው።

ይህን ሥራ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዎቹን ቢሰበስብ፣ ማዕዱ ሻይና እንጀራ ወይም ሻይና ቻፓቲ ቢሆን ይበቃል። ከዋልታ ተጓዦች ልማድ መልካሙን ወስዶ ጕድለቱን ማረም ግን ያስፈልጋል። ስማቸው ከሚጠራው ውስጥ ትምህርት ያቋረጡት ይግቡ፤ ተምረው የተሾሙት ብቻ አይጠሩ። በር የጠበቀው ዘበኛ፣ ውኃ በአህያ ያመላለሰው ሰው፣ ምግብ ያበሰለችው ሴት፣ የመጀመሪያውን የጭቃ ክፍል ያቆሙት አናጢዎች በስማቸው ይጻፉ። በሁለቱ ሞያሌዎች የሚያስተምሩ መምህራን መዝገባቸውን ቢያመሳክሩ፣ በአንዱ ቀሪ የተባለው በሌላው ተገኝቶ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2020 የተመረቀው የድንበር ኬላ ነጋዴው በአንድ ስፍራ ጕዳዩን እንዲፈጽም አስችሎታል፤ ለሸቀጥ የተገኘው ማስተካከያ ለሕፃን የማይገኝበት ምክንያት የለም።

ማርቲንና ዳይሰን ከጠፉ ዘጠና ዓመት ዐልፏል። የመሩአቸውም ፉክስ በ1999 ዐርፏል፤ በአካል የሚያውቋቸው ሰዎችም አልፈዋል። ስማቸው ዛሬ በሞያሌ ሊጠራ የቻለው አንድ ሰው በጊዜው ጽፎ ስላስቀመጠው ነው። በዚያው ዓመት ለዚያው ጓድ ዕቃ የተሸከሙት ሰዎች ስም የማይጠራው ደግሞ ታሪካቸውን በሰፊው የሚተርክ ሰው ስላልተገኘ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የብዕርና የወረቀት ልዩነት ነው። ብዕሩና ወረቀቱ በመምህር እጅ ይገኛሉ፤ ነገ ጧትም ስም ጥሪ አለ።